ጉንፋን የያዘውን ዘመድ ከበር መመለስ ነውር ነው?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያ ልጄን በ31ኛ ሳምንቴ ወለድኩ። 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበር። 4 ሳምንት ማሞቂያ ክፍል ቆይቶ ትናንት 2 ኪሎ ሞልቶ ወጣን። ከ12 ቀን በኋላ 40 ቀኑ ስለሆነ ክርስትና አለ፤ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ሐኪሞቹ ‹ከጉንፋን ጠብቂው› ብለውኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹እዚህ መርፌ አለው፣ ልላክልሽ?› ትላለች። ምን ላድርግ?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎት!

ሐኪሞቹ ጉንፋን ያሉት ነገሩን ለማቅለል ነው። ዋናው ስጋታችን አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ ነው። እኔንም እርስዎንም ቢይዘን አፍንጫችንን እየጠረግን ሥራ እንገባለን። 2 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያልያዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹም ቤታቸው ይድናሉ። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ላይ ግን ይከፋል። እናት በሽታ መከላከያዋን በእንግዴ ልጁ በኩል በብዛት የምታስተላልፈው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ነው። የእርስዎ ልጅ ስንቁን ሳይቋጥር ወጣ። የሳንባው ቱቦዎችም ገና ቀጫጭን ስለሆኑ ትንሽ አብጠው አክታ ከያዙ ይደፈናሉ።

እህትዎ ትክክል ናቸው፤ መርፌው አለ። ኒርሴቪማብ ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ተዘጋጅቶ ያለቀ መከላከያ በመሆኑ አንዴ ተወግቶ 5 ወር ያህል ይጠብቃል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክትባትም አለ። እዚያ የሚሰጠው ግን ከ32ኛው ሳምንት ጀምሮ ስለሆነ እርስዎ ቀድመውታል። እኛ አገር ሁለቱም በመደበኛው የሕፃናትና የእናቶች ክትባት ውስጥ አይሰጡም። በሻንጣ ይላክ የሚለውን ደግሞ ይተዉት። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከፍሪጅ ወጥቶ 8 ሰዓት ካለፈው ይጣላል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በረራው ብቻ ከ12 ሰዓት በላይ ነው።

ስለዚህ የእርስዎ መርፌ በሩና ሳሙናው ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ በሥራዬ ካየሁት ሁሉ አራስን የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። አክስት ትመጣለች። «ትንሽ አለርጂ ነገር ነው» እያለች በመዳፏ አፍንጫዋን ታብሳለች። ፊቱን እንዳትስም ስለተነገራት የሕፃኑን እጅ ትስማለች። እሱ ደግሞ እጁን ወዲያው ወደ አፉ ይከታል። አለቀ። አርኤስቪ በእጅ ይተላለፋል፣ በር እጀታና ስልክ ላይም ለሰዓታት ይቆያል።

ክርስትናው በ40 ቀኑ ይሁን፤ ድግሱ ግን ይቆይ። ቤተ ክርስቲያን እናትና አባት፣ የክርስትና አባቱና አንድ ሁለት ሰው ይበቃሉ። ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ፣ ውኃው ለብ እንዲልለት፣ ወዲያውም ደርቆ እንዲጠቀለል። ቤት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። የሚያስል፣ የሚያስነጥስ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት የመጣ ልጅም ቢሆን ከበር ይመለስ። «ሐኪሙ ከልክሏል» ይበሉና እኔ ላይ ያላኩት። እኔ ራሴ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ጉንፋን ስለነበረብኝ ዳይፐሩን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመልሻለሁ። እህቴ ለሳምንት አኩርፋኛለች።

ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ። የከሰልም የእጣንም ጭስ ለዚህ ሳንባ አይሆንም፤ ሲጋራማ አይነሳ። ጡትዎ አይቋረጥ። እርስዎን ጉንፋን ቢይዝዎትም ማስክ አድርገው፣ እጅዎን ታጥበው ጡት ይስጡት። በደረትዎ ላይ ገላ ለገላ ማቀፉንም ቤትም ይቀጥሉበት። ከክርስትናው 2 ቀን በኋላ ደግሞ 6 ሳምንት ይሞላዋል፤ ክትባቱን ያስከትቡት። «ቀኑ ሳይደርስ ተወልዷልና ይቆይ» የሚል ቢኖር አይስሙ፤ ለክትባት የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው።

አሁን ልብሱን ከፍ አድርገው ደረቱን ይዩት። ደህና ሲሆን እንዴት እንደሚተነፍስ ካላወቁ ሲታመም አይለዩትም። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን 1 ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ፤ ያለጊዜው የተወለዱ ልጆች አተነፋፈሳቸው ወጣ ገባ ስለሚል ግማሽ ደቂቃ አይበቃም። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይድገሙት። ድጋሚም ያው ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከጎድን አጥንቱ በታች ስርጉድ ካለ፣ ካቃሰተ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ቆም ካለ ለመቁጠርም አይቆዩ። ትኩሳት እስኪመጣ አይጠብቁ፤ እንዲህ ትንሽ ልጅ አንዳንዴ ያለ ንፍጥና ያለ ትኩሳት ትንፋሹ ብቻ ይቋረጣል፣ ወይም ገላው ይቀዘቅዛል። ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕም አንቲባዮቲክም አይግዙለት፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። እንጥሉ ይቆረጥ የሚሉ አዋቂ ከመጡም እንደ ጉንፋኑ ዘመድ ከበር ይመልሷቸው።

ሌሊትም ቢሆን ደረትዎ ላይ አስጠግተው ይያዙትና ይሂዱ። ትናንት የሰጡዎትን የመውጫ ወረቀት ከቦርሳዎ አያውጡ፤ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት በስንት ሳምንቱ እንደተወለደ ነው።