የአበባ ሰልፉና ሮዝ ቦውል ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ጠዋት ቲቪው ሁሉ በአበባ ያጌጡ መኪኖች ሰልፍ ነው፣ ከሰዓት ደሞ ልጆቼ ሮዝ ቦውል ጀመረ ብለው ሳሎኑን ይይዙታል። ለኮሌጅ ተማሪዎች ጨዋታ ይሄ ሁሉ ግርግር ለምንድነው? አበባውስ? ባለቤቴ ደሞ ባጆ ፔናሊት የሳተበት ስታዲየም ነው ይላል፣ እውነት ነው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው እህቴ፣ የ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ብራዚልና ጣልያን 0 ለ 0 ወጥተው በፔናሊት የተለያዩት፣ እዛው ፓሳዴና ሮዝ ቦውል ስታዲየም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)።

ሮዝ ቦውል የስታዲየሙም፣ እዛ የሚደረገው የኮሌጆች ጨዋታም ስም ነው፣ ከዚህ በታች ኳሱ የምለው ግን እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካን ፉትቦልን ነው። ሰልፉ ከኳሱም ከስታዲየሙም ይቀድማል። በ1890 የፓሳዴና የአደን ክለብ ሰዎች፣ ምስራቁ አሜሪካ በረዶ ሲለብስ እኛ ጋ ጽጌረዳ ያብባል፣ ሰው ይይልን ብለው ጋሪዎችን በአበባ አስጊጠው አሰለፉ። ኳሱ በ1902 የተጨመረው ለበዓሉ ገቢ እንዲያመጣ ነው፣ ሚሺጋን ከስታንፎርድ ገጠመና 49 ለ 0! ስታንፎርዶች 8 ደቂቃ ሲቀር በቃን አሉ፣ ጨዋታውም እዛው ቆመ። አዘጋጆቹ ከዛ በኋላ ኳሱን ትተው ለዓመታት የፈረስ ሰረገላ እሽቅድምድም ምናምን ሲያሳዩ ኖሩ፣ ኳሱ የተመለሰው በ1916 ነው።

እሱን ዓመት በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ለብራውን ዩኒቨርሲቲ ፍሪትዝ ፖላርድ ተሰልፏል፣ በሮዝ ቦውል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር። ብራውን በዋሽንግተን ስቴት 14 ለ 0 ተሸነፈ፣ ፖላርድ ግን በ1921 በፕሮፌሽናል ሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ለመሆን በቃ፣ እባክዎ ለልጆችዎ ይንገሯቸው፣ ይሄን ስም ማወቅ አለባቸው።

ስታዲየሙ በ1922 ተሰራና የመጀመሪያው ሮዝ ቦውል እዛ የተደረገው ጃንዋሪ 1 ቀን 1923 ነው፣ ያን ቀን የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በሰልፉ ትራፊክ ተይዘው ዘግይተው ደረሱ፣ ዩኤስሲ (የሎስ አንጀለሱ ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) 14 ለ 3 አሸነፋቸው። በ1942 ደሞ ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከመታች ገና ወር ሳይሞላ ስለነበር ዌስት ኮስት ላይ ብዙ ሰው መሰብሰብ ተከለከለና ጨዋታው አገር አቋርጦ ኖርዝ ካሮላይና፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ሄደ፣ ኦሪገን ስቴት ዱክን በገዛ ሜዳው 20 ለ 16 ረታው።

ግርግሩ ለምን ላሉት፣ ከ1947 ጀምሮ ለረጅም ዘመን የመካከለኛው ምዕራብና የፓሲፊክ ዳርቻ ሊጎች ሻምፒዮኖች የሚገናኙት እዚህ ስለነበር ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የሚያልመው ፓሳዴና መግባትን ነው። አሁን የአገር አቀፉ ፕሌይኦፍ (የኮሌጆች ሻምፒዮን የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) አካል ሆኗል፣ ክብሩ ግን እንዳለ ነው።

ደሞ ጃንዋሪ 1 እሁድ ከዋለ ሰልፉም ኳሱም ወደ 2 ይዛወራል፣ በ1893 ቤተክርስቲያን ደጅ የታሰሩ ፈረሶች እንዳይደነብሩ ተብሎ የተጀመረ ልማድ ነው፣ እና ልጆችዎ ሳሎኑን የሚይዙት ሰኞ ይሆናል።