ቦርከና፣ ሐይቅና የማይታዩት ነዋሪዎቻቸው፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ባክቴሪያና ፋይቶፕላንክተን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣሉ ይባላል። ቦርከናም እንዲሁ ነው? (ከኮምቦልቻ)

ቦርከና ባሕር አይደርስም፤ አዋሽ ውስጥ ይገባል፣ አዋሽም አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው። ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ አልጌዎች ብርሃን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሻሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ። እጥፍ ለመሆን ሁለት ቀን የሚፈጅበትን አልጌ ውሃው በአንድ ቀን ጠርጎ ከወሰደው አይበዛም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ ደፍርሶ ሲወርድ አልጌው የሚመናመነው ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያው ግን ከአፈር፣ ከእበትና ከመጸዳጃ ቤት እየታጠበ ይጨመራል። የሐይቅ ከተማው ሐይቅ በአንጻሩ መውጫ ወንዝ ስለሌለው አልጌው ጊዜ አለው። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ጨዋማው ውሃ በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ስለዚህ የጠዋትና የከሰዓት ናሙና የሁለት ቦታ ውሃ ሊመስል ይችላል።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ዓሣ ለምን ንጋት ላይ ይሞታል?

አልጌው ሲሞት ባክቴሪያ ይመገበዋል። የባክቴሪያው ብዛት ከአልጌው ቀናት ዘግይቶ የሚጨምረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም ሌሊቱን ኦክስጅን ሲተነፍሱ ያድራሉ፣ ፀሐይ ስለሌለች ግን የሚተካ የለም። በጣም የሚያንሰው ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ቀትር ላይ ብቻ የለካ ሰው ችግሩን አያየውም።

ጥያቄ፦ አረንጓዴውን ውሃ አፍልተን ብንጠጣውስ?

አይሆንም። አንዳንዱ አረንጓዴ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል፣ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ባክቴሪያ ነው፤ ማፍላት ሕዋሱን ቢገድልም መርዙን አያጠፋም፣ እንዲያውም ወደ ውሃው ይለቀዋል። ከብትም አታጠጡ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ክበባችን ውሃውን እንዴት ይከታተል? (ከደሴ)

በየሳምንቱ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት። ለአልጌ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ አፉን ወደ ወንዙ መምጫ አዙራችሁ እስከ ክርን ጥልቀት አስገቡ። ሉጎል አዮዲን (አልጌው ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያደርግ የአዮዲን ፈሳሽ) ጠብ እያደረጋችሁ ቀለሙ ቀጭን ሻይ ሲመስል አቁሙና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ለባክቴሪያ ሌላ የተቀቀለ ጠርሙስ ይያዝ፦ አይለቀለቅ፣ አዮዲን አይጨመርበት፣ በረዶ ውስጥ ሆኖ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ባጃጅ ላይ ፀሐይ የመታው ናሙና ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል ወይም ይሞታል፤ ውጤቱ አይታመንም።

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ለመለካት ሴኪ ዲስክ ሥሩ፦ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ። ውሃ ውስጥ ስታወርዱት የተሰወረበትንና ስታነሡት ተመልሶ የታየበትን ጥልቀት ደምሩና ለሁለት አካፍሉ። ዲስኩ ደለልን ከአልጌ አይለይም፤ ስለዚህ ከውሃው አንድ ብርጭቆ አሳድሩ። ቡናማው አብዛኛው ሥር ላይ ዘቅጦ ላዩ አረንጓዴ ከቀረ፣ አልጌ አለ።