ኦፍሴት «ማካካሻ» ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ድራፍቲንግ (የንድፍ ሥዕል) አስተምራለሁ። አውቶካድ በተባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ኦፍሴት የምንለውን፣ ከአንድ መስመር በእኩል ርቀት ሌላ መስመር የሚያወጣውን ትእዛዝ አንድ ተማሪዬ «ማካካሻ ኩርባ» ብሎ ጻፈልኝ፤ የስልኩ መተርጎሚያ ነው እንዲያ ያለው። እኔ ደግሞ «ማስፋት» ብዬ አረምኩት። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለታችሁም አይደላችሁም።

ማካካሻ ከ«ካሰ» የወጣ ነው። ካሳ የሚኖረው የጠፋ ነገር ሲኖር ነው፤ ከብት የሰው ማሳ ገብቶ ሲያጠፋ ሽማግሌ እንደሚቆርጠው። የእንግሊዝኛው ቃል ለዚህም ስለሚያገለግል ስልኩ የማይሆነውን ፍቺ አንሥቶ ሰጠ።

የእርስዎ ይቀርባል፤ ግን አንድ ነገር ይሞክሩ። 4 በ10 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያውን 1 ሜትር ርቆ አጥር ይታጠርለት። አጥሩ 6 በ12 ይሆናል። ቤቱን በአንድ ተኩል እጥፍ ቢያሰፉት ግን 6 በ15 ነው የሚወጣው፤ ይህ ስኬል የሚባለው ሌላ ትእዛዝ ነው። ደግሞስ ኦፍሴት ወደ ውስጥም ይሄድ የለ? ወደ ውስጥ «ማስፋት» ለጆሮም ይጎረብጣል።

እኔ «ትይዩ»ን እመርጣለሁ። በሂሳብ ትምህርት የለመድነው ለቀጥታ መስመር ስለሆነ ለኩርባ የማይሆን ይመስላል እንጂ ቃሉ ከ«ተያየ» ነው የመጣው። «ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ነው» የሚል ሰው ፊት ለፊት መተያየታቸውን ነው የሚነግርዎ። ኦፍሴትም ይኸው ነው፦ ኩርባው ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ በ90 ዲግሪ የተሰጠውን ርቀት ተሻግሮ አቻውን ያያል።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ያስቡ። እንዲህ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ ሲነደፍ መጀመሪያ መሐል መስመሩ ይሰመራል፤ ስፋቱ 7 ሜትር ከተባለ ግራና ቀኝ በ3.5 ሜትር ትይዩ ይወጣለታል። መንገዱ ግማሽ ክብ ዞሮ ሲመለስ የውጩ ጠርዝ ከውስጡ በ22 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ርዝመታቸው ይለያያል፣ መተያየታቸው ግን አይጓደልም። «ቅጂ» እንዳንለው የሚከለክለንም ይህ ነው፤ ሞላላ እንኳ ኦፍሴት ሲደረግ አውቶካድ የሚሰጠው ሞላላ ሳይሆን ስፕላይን የሚባል ሌላ ዓይነት ኩርባ ነው።

«ኩርባ»ን አይንኩት፤ ሾፌሩም ነዳፊውም ያውቀዋል።

እኔን ያስቸገረኝ ግሱ ነው። «ትይዩ አድርግ» ቢሉ ያለውን መስመር አዙር ያሉ ይመስላል፤ ትእዛዙ ግን የመጀመሪያውን ባለበት ትቶ ሌላ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ «በ20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ትይዩ አውጣለት» ይበሉ። ራዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክብ ወደ ውስጥ በ40 ትይዩ አውጣ ቢሉት ግን ፕሮግራሙ እምቢ ይልዎታል።

ማያው ላይ የሚጫኑት ኦፍሴት ተብሎ ስለተጻፈ እሱንም አብረው ያስተምሩ። የዚያን ልጅ ነጥብ ቆርጠውበት ከሆነ ይመልሱለት፤ ያኔ ማካካሻ የሚለው ቃል ቦታውን ያገኛል።