«ቀጥቃጭ ልትሆኚ ነው?»

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ በጥሩ ውጤት ተመርቀሻል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በረዳት ምሩቅነት ሊቀጥርሽ ነው። አዲስ አበባ ያለ የሕክምና መሣሪያ አስመጪ ድርጅትም ለጥገና ኢንጂነርነት ፈልጎሻል። አባትሽ ግን «አምስት ዓመት የተማርሽው ቀጥቃጭ ለመሆን ነው?» አሉሽ። አንቺም ከዚያ ወዲህ ማስተማሩን መርጠሻል።

እኔን ያመመኝ ይቺ ቃል ናት። ቀጥቃጭ በኛ አገር ቀላል ስድብ አይደለም። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው ስንንቅ፣ ስናገልል ኖረናል። አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ለፍተው አስተምረውሻል። እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል። ስህተቱ የሳቸው ብቻም አይደለም፤ የተማርነውም እጁን ግራሶ የነካውን ሰው ዝቅ አድርገን እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ16 አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን አይቶ ነበር። 38.3 በመቶው አይሠራም። ወሎ ላይ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የሆስፒታሎቻችን ዕቃ ሲዘረፍና ሲሰባበር አይተሻል። በምትኩ የሚመጣውን ማን ተክሎ፣ ማን ጠግኖ ያቆየዋል?

እኔ ስድስት ዓመት በአንድ ሆስፒታል ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን ለይቶ የሚሰጥ ማሽን) ላይ ያለ ሕፃን የደሙ ኦክስጅን አልጨምር አለ። ነርሷ የፍሎውሜትሩን ኳስ እያሳየችኝ «ይሠራል እኮ» ትለኛለች። ፍሎውሜትር የሚነግርሽ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ ነው። የሚወጣው ኦክስጅን ይሁን ተራ አየር አያውቅም። ከማሽኑ የሚወጣውን በመለኪያ ሳየው የኦክስጅኑ መጠን ከ82 በመቶ በታች ወርዷል፤ ደህናው ማሽን 90 ያልፋል። ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል፤ ናይትሮጅኑን የሚይዘው ዚዮላይትም እርጥበት ጠጥቷል። ልጁን ቶሎ ወደ ኦክስጅን ሲሊንደር አዛወርነው።

ያን ከስላይድ አልተማርኩትም። ለማስተርሴ ያጠናሁት ጥያቄም የመጣው ከዚያ ክፍል ነው፦ ደሴን በመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ አየሩ ሲሳሳ ማሽኑ ምን ያህል ይሰጣል? ዛሬ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝም ስለዚያ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ መጀመሪያ ድርጅቱ ጋር ግቢ። ሦስት ዓመት ማሽን ፍቺ፣ ግጠሚ። ማስተማሩን ከዚያ በኋላ ትደርሺበታለሽ። ዋጋ እንዳለው አልደብቅሽም። ዩኒቨርሲቲው ረዳት ምሩቁን ደመወዝ እየከፈለ ማስተርስ ያስተምራል፤ ውጭ ከሆንሽ ግን ስኮላርሺፕ ተወዳድረሽ ወይም ከፍለሽ ነው። ቢሆንም ማሽን ፈትታ ሳታይ ተማሪ ፊት የምትቆም መምህርት እንድትሆኚ አልፈልግም።

ለታናናሾችሽ ትምህርት ብር እንድትልኪ ይጠብቃሉ ብለሻል። በረዳት ምሩቅ ደመወዝ ከየት ይመጣል? አባትሽ የመምህርነቱን ስምም ብሩንም ባንዴ መጠየቅ አይችሉም። ይህን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገሪያቸው።

የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ከባድ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ተጋሪ። እንግሊዝኛሽ የመሣሪያ ማንዋል ስታነቢ ይሻሻላል። «ትዳር ያልፍሻል» ለሚሉሽም አብሽሪ፣ አያልፍሽም።

ከመፈረምሽ በፊት ድርጅቱን ሦስት ነገር ጠይቂ። ከደመወዙ ስንቱ ቋሚ፣ ስንቱ አበል ነው? አምራቹ ዘንድ ሥልጠና ይልካሉ? ከላኩሽስ ስንት ዓመት ያስፈርማሉ፣ ዋስ ይፈልጋሉ?

ደሴ ቅርብሽ ነው። አባትሽን ይዘሽ አንድ ሆስፒታል ባዮሜዲካል ክፍል ግቢ። አስፈቅደሽ የተከፈተ ማሽን አሳዪያቸው፤ ምን እንደሚሠራም አንቺው አስረጂያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።