ጓደኛዬ «ፖዘቲቭ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ ካንሰር ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሆቴል አብራኝ የምታጸዳ የኤል ሳልቫዶር ልጅ አለች፤ 43 ዓመቷ ነው። ከክሊኒክ «ኤች ፒ ቪ ፖዘቲቭ» የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ደረሳት። የ10 ዓመት ልጇ አንብቦ «ካንሰር አለብሽ ይላል» አላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ባሏን መጠርጠር ጀምራለች፤ ቀጠሮው ጋ አልሄድም ብላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ መጀመሪያ ይህን ይንገሯት፦ ደብዳቤው ካንሰር አለብሽ አላለም፤ «ፖዘቲቭ» ያለው ቫይረሱ ተገኝቷል ለማለት ነው። ኤች ፒ ቪ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ፣ አብዛኛው ሰው በዕድሜው አንዴ የሚይዘው ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ በአንድ ሁለት ዓመት ያጠፋዋል። የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው አደገኛ የሆነው ዓይነት ሳይጠፋ ሲቆይ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ስለሚቀመጥ መቼና ከማን እንደመጣ አይታወቅም። ባሏን በዚህ አትጠርጥረው።

እኔን የሚያስፈራኝ ቀጠሮውን መተዋ ነው። ሐኪሙ ምርመራውን ሊደግም ወይም የማህፀን በሯን በማጉያ መሣሪያ አይቶ ትንሽ ናሙና ሊወስድ ይችላል። ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ነገር ከተገኘ ቀድሞ ይነሣል። በአሜሪካ ሂስፓኒክ (ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ሴቶች በዚህ ካንሰር ከነጮቹ በበለጠ ይያዛሉ፤ ይሞታሉም። ደማቸው ስለተለየ አይደለም። ኢንሹራንስ ማጣት፣ ከሥራ መቅረት አለመቻልና ቋንቋ ከምርመራና ከክትትል ያስቀራቸዋል።

ቋንቋ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒት ላይ «በቀን አንዴ» ለማለት የሚጻፈው «ዋንስ» (once) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ፊደሉ ሳይለወጥ በስፓኒሽ «ኦንሴ» ተብሎ ይነበባል። 11 ማለት ነው! እኛም ዘንድ «ፖዘቲቭ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኤች አይ ቪ ነው። እኔ ታካሚዎቼን «ገባሽ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለኝ። አሁን «ቤት ስትደርሺ ለእህትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» እላለሁ። ያልገባው ነገር እዚያ ላይ ይወጣል።

ልጁን አትቆጣው፤ ሸክሙ ግን የሱ አይደለም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ኢንሹራንስ ከሌላት፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሴቶች ምርመራውን የሚሸፍን የመንግሥት ፕሮግራም በየስቴቱ ስላለ ክሊኒኩን ትጠይቅ።

እርስዎስ? ከ30 እስከ 65 ዓመት ከሆኑ የኤች ፒ ቪ ምርመራ በየ5 ዓመቱ ነው። በወሊድ ጊዜ መታየትዎ እንደ ምርመራ አይቆጠርም፤ ናሙና መወሰዱን ያጣሩ።

ነገ በምሳ ሰዓት አብራችሁ ክሊኒኩ ጋ ደውሉ። «ስፓኒሽ» ብላ አስተርጓሚው እስኪመጣ መስመሩ ላይ ትጠብቅ። ስልኩን እንዳትዘጋው ብቻ አጠገቧ ይሁኑ።