ድምፁ የጠፋው አላርም

አራት ኪሎ ከወላጆችሽ ቤት የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሽ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ገባሽ። የኤሌክትሪክ መስመር መሬት ሲነካ የሚያስጠነቅቀው የአርዝ አላርም ጮኸ፤ አለቃሽ «ማሽኑ እየሠራ አይደል?» ብሎ ድምፁን አጠፋው፤ ይኸው ሦስት ሳምንት። ስትናገሪ ተሳቀብሽ። አሁን «ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ፤ አባቴ እንደሚለው ባንክ ልግባ?» ትያለሽ።

በደንብ ገብቶሻል! የትራንስፎርመሩ ኒውትራል፣ ማለትም የሦስቱ ፌዞች መገናኛ ነጥብ፣ ኮረንትን በሚገታ ከፍተኛ ሬዚስተር በኩል ከመሬት የተያያዘው፣ አንድ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ከሚያመጡት ሦስት ገመዶች አንዱ) መሬት ቢነካ የሚያልፈው ኮረንት ከ10 አምፒር እንዳይበልጥ ነው። በ400 ቮልት መስመር 46 ኦም ብታስገቢ 5 አምፒር ገደማ ብቻ ያልፋል። ብሬከር አይወርድም፣ ምርት አይቆምም። ይህ ጊዜ የተሰጠው ግን ብልሽቱን ለመፈለጊያ ነው። እስኪገኝ ድረስ የቀሩት ሁለት ፌዞች ከመሬት አንጻር 230 የነበረው ቮልቴጃቸው ወደ 400 ይወጣል፤ የገመዱ ሽፋን ያንን ተሸክሞ ይውላል ያድራል። በዚህ መሀል ሌላ ቦታ ላይ ሌላ ፌዝ መሬት ከነካ የሁለት ፌዝ ሾርት ነው፤ ሬዚስተሩ አያድንሽም።

እኔ ለገሃር ቢሮ ከመቀመጤ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቱታ ለብሻለሁ፤ ስለዚህ ወደ ጥገና ባደላ አትፍረጂብኝ። አንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ብልሽት ስንፈልግ አነጋን። የብልሽት መፈለጊያው መሣሪያ የሬዚስተሩን ከፊል ከመስመር እያስወጣ እየመለሰ ኮረንቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ አንቺ የመስመሩን ሦስት ፌዝ አንድ ላይ በክላምፕ ሜትር፣ ገመድ በመንጋጋው አቅፎ ኮረንት በሚለካው፣ አቅፈሽ ትከተያለሽ። ንባቡ መወዛወዙን ያቆመበት ቦታ ላይ ብልሽቱን አልፈሽዋል ማለት ነው። የእኛው ውሃ የገባበት የሞተር ተርሚናል ሳጥን ሆኖ ተገኘ። ይህን መፈለግ የሚችል ሰው ሥራ አያጣም።

የባንኩ ደመወዝ ይሻላል፣ አልክድም። አባትሽ ግን «ሴት ልጅ ቅባት ውስጥ ምን ትሠራለች» የሚለውን በደመወዝ አይሸፍኑት። ለወንድምሽ ትምህርት የምትሰጪውንም ቁርጡን ተነጋገሩ፤ ግማሽ ደመወዝ ብዙ ነው። ያሰብሽው ማስተርስም ይቆይ።

ሰኞ ጠዋት አላርሙ የጮኸበትን ቀንና ሰዓት በሺፍት መዝገቡ ጽፈሽ አለቃሽን አስፈርሚ። እምቢ ካለ ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ። ያም ካልሆነ ሌላ ፋብሪካ ፈልጊ እንጂ ባንክ አትሂጂ። ብቻሽን ፓኔል እንዳትከፍቺ። ክላምፕ ሜትር ልትገዢ መርካቶ ከወረድሽም፣ መንጋጋው ሦስቱን ገመድ አንድ ላይ ማቀፉን ሳታዪ ብር አታውጪ።