ደስታና ሐሤት፣ ዕድልና ገድ

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ ሠርግ የመልካም ምኞት ካርድ ስጽፍ «የደስታ፣ የሐሤትና የተድላ ኑሮ ይሁንላችሁ» ብዬ ነበር። ያነበበ ሰው «ሁሉም አንድ ነው፤ ለምን ትደጋግማለህ?» አለኝ። እውነት አንድ ናቸውን? «ዕድለኛ»ና «ገደኛ»ስ?

መልስ፦ ቃላቱ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውም አብሯቸው ከሚሄደው ግስ ይታያል። «ደስ አለኝ» ስንል የግሱ ባለቤት እኛ አይደለንም፤ «አለ» በሩቅ ወንድ እንደቆመ ይቀራል፣ ተናጋሪው ደግሞ በተሳቢነት «ኝ» ሆኖ ይገባል፤ ስለዚህ ደስታ ወደ ሰው የሚመጣ ስሜት ነው። ሐሤት ግን «አደረገ»ን ይፈልጋል። ሰው ሐሤት ያደርጋል እንጂ «ሐሤት አለኝ» አይልም። በማቴዎስ ወንጌል 5፥12 «ደስ ይበላችሁ ሐሤትም አድርጉ» ተብሎ የተጻፈው በግእዙ «ተፈሥሑ ወተሐሠዩ» የሚለው ነው፤ «ፍሥሐ»ም የወጣው ከመጀመሪያው ግስ ነው፣ ዛሬ ግን ከሰው ስምነትና ከመንፈሳዊ ጽሑፍ ውጭ እምብዛም አይሰማም። ሐሤትም ቢሆን ለትንሽ ነገር ይከብዳል፤ «ቡናው ሐሤት አስደረገኝ» የሚል እንግዳ ሳቅ ነው የሚያተርፈው።

ተድላ የኑሮ ሁኔታ ነው። «በተድላ ኖረ» እንላለን፤ የምሥራች የሰማውን ሰው ግን «ተድላ ተሰማው» አንልም። እንግዲህ ለሙሽሮቹ ሦስቱንም መመኘትዎ ድግግሞሽ አይደለም።

«ዕድል» የመጣው ማከፋፈልን ከሚያመለክተው «አደለ» ከሚለው ግስ ነው፤ ለሰው የደረሰው ድርሻ ማለት ነውና በራሱ በጎም ክፉም ሊሆን ይችላል፣ «መጥፎ ዕድል» የምንለውም ለዚህ ነው። «ዕድለኛ»ና «ታደለ» ግን ወደ በጎው ብቻ ያጋድላሉ። ዕጣ ደግሞ፣ የዕቁብ አባላት እንደሚያውቁት፣ ድርሻው የሚለይበት መንገድ ነው።

ገድ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ወደ ሌላው በመተላለፉ ነው። ዕድለኛ ራሱ ያገኘ ሰው ነው፤ ገደኛ ግን መምጣቱ ለሌላው የሚቀናለት ነው። «ገደኛ» በ«ዕድለኛ» ምትክ ሲጻፍ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ እኔ ግን አልመክረውም፣ ቋንቋው የለየውን ያደባልቃልና። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ የመጀመሪያው ገዢ ከሄደ በኋላ ገበያው የደራለት ነጋዴ «ገደኛ ሰው ነው» የሚለው ገዢውን ነው፤ ያ ገዢ ግን በዚያው ቀን ቦርሳው የተሰረቀበት ዕድለ ቢስ ሊሆን ይችላል።